አዲስ ጌም ቶሎ የማይገዛበት ምክንያት፦ በደብረ ብርሃን ጌም ቤቶች ላይ የተደረገ ቅድመ ጥናት

ኩባንያዎች አዲስ ጌም ሲያወጡ ተጫዋቹ ለምን ወዲያው አይገዛም የሚለው ጥያቄ በአሜሪካም በጃፓንም ብዙ ሊቃውንትን አስጨንቋል። ዋጋው ነው ያሉ አሉ። ጌሙ ሳይበስል ስለሚወጣ ነው ያሉ አሉ። ሰው የገዛውን ሳይጨርስ ሌላ ስለሚመጣበት ነው ያሉም አልጠፉም። ከእነዚህ ሊቃውንት ግን አንዳቸውም ደብረ ብርሃን መጥተው አግዳሚ ላይ አልተቀመጡም። ጉዳዩ ደግሞ እንደ ደብረ ብርሃን ጥርት ብሎ የሚታይበት ቦታ የለም፤ እዚህ በወጣበት ቀን የሚገዛ ስለሌለ፣ ተመራማሪው በሚገዙትና በማይገዙት መካከል ሲንከራተት ጊዜ አያጠፋም።

ጥናቱ የተካሄደው በምልከታ ነው። የምልከታው ሥፍራ በሩ ላይ መጋረጃ የተንጠለጠለበት፣ ጌም ቤት ወይም ፕሌይስቴሽን ቤት የሚባለው አንድ ክፍል ሲሆን፣ የተመራማሪው መቀመጫ ተራ የሚጠበቅበት አግዳሚ ነበር። ናሙናው በዕጣ አልተመረጠም፤ የመረጠው ብርድ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ላይ ስለተቀመጠች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ከመሸ በኋላ ውጭ ቆሞ ሐሳብ የሚለዋወጥ ወጣት አይገኝም። የብርድ ልብስ ፋብሪካ እዚህ የተተከለውም ያለ ምክንያት አይመስልም። ብዙ ሰውና ብዙ ቴሌቪዥን የታጨቀበት ጠባብ ክፍል ግን ይሞቃል። ስለዚህ ከተሰብሳቢው ከፊሉ ስለ ጌም አንዳችም አስተያየት እንደሌለው ጥናቱ ገና በማለዳው ደርሶበታል። የመጣው ሊሞቅ ነው።

ስለ መሣሪያዎቹ ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል። ፕሌይስቴሽን 2 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው በ1992 ዓ.ም. ነው፤ ሶኒ ከ160 ሚሊዮን በላይ ሸጦ በ2005 ዓ.ም. መሥራቱን አቆመ። መሥራት ያቆመው ሶኒ እንጂ ማሽኑ አይደለም። ጆይስቲኮቹም እንደዚያው ናቸው። የአንዱ የግራ አውራ ጣት ማሳረፊያ ላስቲኩ ተልጦ ነጩ ፕላስቲክ ወጥቷል፤ የሌላው ገመድ ከአንገቱ ላይ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል፤ ሦስተኛው ማንም ሳይነካው ተጫዋቹን ወደ ግራ ይወስዳል። ነባር ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ቴሌቪዥኑን ሳይሆን የትኛው ጆይስቲክ እንደተያዘ ነው። እንግዳ የሆነ ሰው ሁልጊዜ ወደ ግራ የሚስበው ይደርሰዋል። ይህ በሳይንስ አጋጣሚ ይባላል።

ወደ መላምቶቹ እንለፍ። የዋጋው ነገር ብዙ አያቆየንም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የአንድ ትልቅ አዲስ ጌም ዋጋ 70 ዶላር ገብቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላሩ 57 ብር ገደማ ስለነበር ይህ 4,000 ብር አካባቢ ነበር፤ ዶላሩ በጥቂት ጊዜ ውስጥ 100 ብርን ሲሻገር ጌሙ ከሥፍራው ሳይነቃነቅ 7,000 ብርን አለፈ። ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ የሶኒ የኢንተርኔት መደብር ከሚያገለግላቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያ የለችም። ሕጋዊ ገዢ ለመሆን የፈለገ ሰው አስቀድሞ ሌላ አገር ነው የምኖረው ብሎ መዋሸት ይኖርበታል። ሕዝቡ ይህን ኃጢአት ላለመሥራት ጌሙን ሃርድ ዲስክ ይዞ ሄዶ «ጌም እንጭናለን» ከሚል ሱቅ ያስጭናል።

የኩባንያዎቹ የቀን አመራረጥ ግን ሰፊ ትንታኔ ይገባዋል። ኢኤ ስፖርትስ የተባለው ድርጅት ኤፍሲ 24 የሚለውን የኳስ ጌም ያወጣው መስከረም 18 ቀን 2016 ነው፤ የመስቀል ማግስት። ኤፍሲ 25ን ያወጣው መስከረም 17 ቀን 2017፣ በራሱ በመስቀል ዕለት ነው። ኤፍሲ 26 ደግሞ መስከረም 16 ቀን 2018፣ ደመራው ሲለኮስ ወጣ። በየዓመቱ በአንድ አንድ ቀን ወደ ኋላ እየሳበ መሆኑን አንባቢ ያስተውላል። እንቁጣጣሽ በግ አሳርዶ፣ ትምህርት ቤት መመዝገቢያና ደብተር አስገዝቶ፣ መስቀል የተረፈውን ጠራርጎ የወሰደበት ቤተሰብ ዘንድ ሄዶ «አባባ፣ አዲስ ጌም ወጥቷል» የሚል ልጅ እስካሁን አልተገኘም። ቢገኝም ለጥናቱ ቃሉን የሚሰጥበት ሁኔታ ላይ አይሆንም።

ቀጥሎ የብስለት ጉዳይ አለ። የፖላንዱ ኩባንያ ሲዲ ፕሮጀክት ሳይበርፐንክ 2077 የተባለውን ጌም ለዓመታት ሲያስጠብቅ ቆይቶ ታኅሣሥ 1 ቀን 2013 አወጣው። በፕሌይስቴሽን 4 ላይ እንዲያ እየተሰነጣጠቀ አስቸገረና ሶኒ በሳምንቱ ከመደብሩ አነሣው፤ የተመለሰውም ከስድስት ወር በኋላ ነው። ኮናሚ የተባለው ኩባንያ በበኩሉ የኳስ ጌሙን ነባር ስም ፔስን ጥሎ ኢፉትቦል ብሎ በመጣበት በመስከረም 2014፣ የተጫዋቾቹ ፊት እናታቸው የማትለየው ዓይነት ሆኖ ወጣ፤ ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ። ይህ ዜና ደብረ ብርሃን ሲደርስ የተደነቀ አልነበረም። ላቱንና ጀርባውን ሳይዳብስ የመንዝ በግ የሚገዛ ሰው በአካባቢው የለም። የታሸገ ጌም ደግሞ የሚዳበስ ላት የለውም። ስለዚህ አሜሪካኖች በሰው 70 ዶላር እየከፈሉ ይዳብሱልናል፤ ሲስማሙበት እኛ እንጭነዋለን። ይህን ውለታቸውን እስካሁን በይፋ ያመሰገናቸው ስለሌለ ጥናቱ በዚህ አጋጣሚ ያመሰግናል።

አንዳንዱ ጌም ኋላ በኢንተርኔት ይጠገናል የሚል መከራከሪያ ይነሣል። ሳይበርፐንክም በመስከረም 2016 በወጣው ትልቅ እድሳት ሰው ሆኗል። ነገር ግን በዚያው መስከረም አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር፤ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለወራት አልተከፈተም። ምክንያቱ ከዚህ ጥናት አድማስ ውጭ ነው። ውጤቱ ግን አድማሱ ውስጥ ይወድቃል፦ ጥገና የማያስፈልገው አሮጌ ጌም ያለው ጌም ቤት ሥራውን ቀጠለ። መብራትም እንደዚሁ ነው። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ሰማይ ላይ ታየ ከተባለው ብርሃን ነው፤ ያ ብርሃን ቆጣሪ አልነበረውም። የዛሬው ሲጠፋ ማሽኑ ከነውጤቱ ይጠፋል፣ ከዚያም ሁለት ለአንድ ሲመራ የነበረው ልጅና ሊያገባ ተቃርቦ የነበረው ልጅ በጨለማ ውስጥ ሕግ መተርጎም ይጀምራሉ።

የዘመን አቆጣጠር መላምትም ሊታለፍ አይገባውም። ፔስ 2013 ሽፋኑ ላይ ክርስቲያኖ ሮናልዶን ይዞ የወጣው በእኛ መስከረም 2005 ነው። 2013 ተብሎ የተጻፈበትን ዕቃ በ2005 መግዛት ከቀኑ ስምንት ዓመት መቅደም ነው፤ ጨዋ ሰው ሰርግ ቤት እንኳ ይህን ያህል ቀድሞ አይደርስም። ጌሙን 2013 ዓ.ም. ላይ የጫነ የደብረ ብርሃን ጌም ቤት ልክ በሰዓቱ ገዝቷል ማለት ነው። እዚያ ውስጥ ሮናልዶ ማድሪድ ነው፣ ሜሲ ባርሴሎና ነው፣ ሊቨርፑል በፈቃድ ጉዳይ ስሙን ተነጥቆ መርሲሳይድ ሬድ ይባላል። አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ ሊቨርፑል ይሉታል፤ ኮናሚ ያልከፈለውን እነሱም አልከፈሉም።

እነዚህ ሁሉ መላምቶች እውነት ናቸው፤ አንዳቸውም ግን ዋናው ምክንያት አይደሉም። ዋናው የቤቱ ሕገ መንግሥት ነው፤ አንቀጹም አንድ ነው፦ ተሸናፊ ይከፍላል። አሸናፊው ወንበሩ ላይ ይቆያል፣ ከአግዳሚው ባለተራው ይነሣል። ሕጉ ሲተነተን፣ ጎበዝ የሆነ ልጅ ከምሳ እስከ እራት አንድ ብር ሳያወጣ ይጫወታል ማለት ነው። ይህ ልጅ የቤቱ ንጉሥ ነው። ችሎታው ሀብቱ ነው፤ ሀብቱ ግን የሚመነዘረው በዚያው በአንዱ ጌም ብቻ ነው። በረኛው ከየትኛው ማዕዘን ሲመታበት እንደሚፈዝ፣ ከኮርነር ማን ዘሎ እንደሚገጭ፣ ተከላካዩ በየትኛው ቁልፍ እንደሚሞኝ በብዙ ዓመት ያጠራቀመው ነው። አዲስ እትም ሲጫን በረኛው ይነቃል፣ ተከላካዩ ይበስላል፣ ቁልፉ ሌላ ሥራ ይዞ ይገኛል። ከየካቲት 25 ቀን 1967ቱ የመሬት አዋጅ ወዲህ እንዲህ ያለ ውርስ በሰሜን ሸዋ አልታየም።

ተመራማሪው ይህ ሲፈጸም በቅርብ ለማየት ዕድል ገጥሞታል። ባለቤቱ አንዱ ማሽን ላይ አዲስ እትም አስጭኖ ነበር። ንጉሡ መጥቶ ተቀመጠ፣ ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰ፣ እግሩ መሬት በማይደርስ አንድ ልጅ ሦስት ለባዶ ተሸነፈ። ጆይስቲኩን ገልብጦ ሆዱን አየ። ነፋበት። ድጋሚ ተጫወተ፤ ድጋሚ ከፈለ። ከዚያም ተነሥቶ፣ ለቤቱ በሙሉ እንዲሰማ አድርጎ፣ «ይሄ ጌም ተበላሽቷል» ሲል ፈረደ። በማግስቱ አሮጌው ተመልሶ ነበር። ባለቤቱ ለምን እንዳነሣው ሲጠየቅ «ምን ላድርግ ወንድሜ፣ ደንበኛዬ ነው» አለ። እግሩ መሬት የማይደርሰውን ልጅ የጠየቀው የለም። ተመራማሪው ሲጠይቀው «አሪፍ ነበር» ብሎ ሳንቲሙን ቆጠረ።

እዚህ ላይ ንባቡን ማዘግየት ያስፈልጋል፤ ነገሩ ለምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ግራ ነውና። ንጉሡ አይከፍልም። የሚከፍሉት ተሸናፊዎቹ ናቸው። አዲሱ ጌም ሁሉንም ከዜሮ ስለሚያስጀምር የሚጠቅመው እነሱን ነው። ሆኖም ምን እንደሚጫን የሚወስነው የማይከፍለው ነው። ባለቤቱ የሚሰማውም ወዶ አይደለም፤ ንጉሡ ሌላ ቤት ከሄደ እሱን አንድ ቀን አሸንፋለሁ እያሉ በየቀኑ የሚከፍሉት ሁሉ ተከትለውት ይሄዳሉ።

ይህ ሥርዓት ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ጊዜ፣ ካፒቴን ሃሪስ የተባለ እንግሊዛዊ ጠመንጃና መድፍ ጭኖ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ መጣ፤ በ1834 ዓ.ም. የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ጠመንጃው ሳይውል ሳያድር ግምጃ ቤት ገባ። በዚያው ዘመን አንድ የውጭ ባለሙያ አንኮበር አጠገብ የውሃ ወፍጮ ሠርቶ ነበር። የዘመኑ ተጓዦች እንደጻፉት ቀሳውስቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ስላወገዙት ሳያገለግል ቀረ። ሁለቱም አዲስ ነበሩ። ጠመንጃው ግን የነበረውን ንጉሥ ይበልጥ ያነግሣል፤ ወፍጮው የሚያሳርፈው ሌሊት ተነሥተው መጅ ይዘው የሚፈጩትን ሴቶች ነው። እነሱንም የጠየቃቸው የለም።

አንጎለላ የተወለዱት ዐፄ ምኒልክ ይህን ግኝት ያፈርሱታል የሚል ተቃውሞ ይቀርብ ይሆናል። ስልኩንም፣ በ1900 ዓ.ም. ግድም የመጣውን አውቶሞቢልም ሰው ሞክሮ እስኪጨርስ ሳይጠብቁ ተቀብለዋል። ጥናቱ ተቃውሞውን መርምሮ ውድቅ አድርጎታል። ንጉሠ ነገሥቱ ተሸናፊ ይከፍላል በሚባልበት ቤት አልተጫወቱም።

የጥናቱ ውስንነት፣ ተመራማሪው ወደ ግራ ከሚስበው ጆይስቲክ ሌላ ባለመያዙ መረጃው ወደ አንድ ጎን ሊያደላ መቻሉ ነው።

ለቀጣይ ምርምር የሚሆነው ጂቲኤ 6 የተባለው ጌም ነው። የቀደመው እትም የወጣው መስከረም 7 ቀን 2006 ነበር። ተከታዩ በመጀመሪያ ለእ.ኤ.አ. 2025፣ ቀጥሎ ለግንቦት 18 ቀን 2018 ተቀጥሮ፣ አሁን ለኅዳር 10 ቀን 2019 ተላልፏል። ገዢ ቶሎ አይገዛም ብሎ የሚያማርረው ኢንዱስትሪ ራሱ ቶሎ እንደማይሸጥ እዚህ ላይ ይመዘገብ። ኅዳር 10 የተባለው በፈረንጆቹ 2026 ነው፤ ከላይ በተረጋገጠው የዘመን አቆጣጠር መላምት መሠረት ጌሙ ደብረ ብርሃን በሰዓቱ የሚደርሰው በ2026 ዓ.ም. ይሆናል። ተራ የሚፈልግ አንባቢ ከወዲሁ ለባለቤቱ ይንገር፤ ቀብድ ግን እንዳይከፍል።