የኢኒ ፋይል አጭር የሕይወት ታሪክ፤ እንሴኖ ላይ በለቅሶ ድንኳን የተነበበ

ክቡራን ለቀስተኞች፤ የእድራችን ዳኛ፤ ከቡታጅራና ከቆሼ ሥራ ዘግታችሁ የመጣችሁ የኮምፒውተር ጠጋኞች፤ ደረሰኝ ሲታተም ወረቀት የሚነክስባችሁ ነጋዴዎች፤ እግዜር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን። ሟች ሃይማኖቱን ሳይነግረን ስላረፈ ጸሎቱም ዱዓውም ቢደረግለት የሚጎዳው ነገር የለም።

ዛሬ የምንሸኘው ኢኒ ፋይልን ነው። ልጆቹ ላታውቁት ትችላላችሁ። አንድ ትንሽ ፕሮግራም ማታ ተዘግቶ ጠዋት ሲከፈት የትኛው ፕሪንተር እንደተመረጠለት፣ የመጨረሻው ደረሰኝ ቁጥር ስንት እንደነበር ከየት ያስታውሳል? ከኢኒ ነበር የሚያስታውሰው። ኢኒ ከፕሮግራሙ ጎን፣ እዚያው ፎልደር ውስጥ ይተኛል፤ ሲጠሩት አቤት ይላል፤ የጻፉበትን ይይዛል። ደመወዝ ጠይቆ አያውቅም።

የተወለደው ከዊንዶውስ ጋር ነው። የመጀመሪያው ዊንዶውስ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 20 ቀን 1985፣ በእኛ ኅዳር 11 ቀን 1978 ሲሆን፣ የቤቱ በኩር ዊን ዶት ኢኒም አብሮት ነበር። መጀመሪያ ላይ ፕሮግራም ሁሉ ጉዳዩን እሱ ላይ ይጽፍ ነበርና ቤቱ ጠበበ። ኋላ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ኢኒ ይዞ ወጣ። ሽማግሌ ሳይገባበት በሰላም የተፈጸመ የቤተሰብ ክፍፍል እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነው።

መልኩን ለማታውቁት፣ በርበሬ የሚረከብ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ያለ የደረሰኝ ፕሮግራም ኢኒ፣ ላቲኑን በፊደላችን ብንገለብጠው፣ ይህን ይመስላል፦

[ሚዛን]
ፈረሱላ=17
ከረጢት=0.5
[ፕሪንተር]
አግድም=0
ቅጂ=2
; ከዚህ በታች ያለውን አትንኩ

አለቀ። በቅንፍ ርዕስ፣ ከሥሩ ስም፣ እኩል ይሆናል፣ ዋጋ። ሴሚኮለን ካስቀደሙ ደግሞ የፈለጉትን ማስታወሻ፣ ቢሻዎት ተግሣጽ መጻፍ ይቻላል። ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን ያውቃል። ለከረጢቱ ግማሽ ኪሎ እንደሚቀነስም ያውቃል። በርበሬውን ያመጣው ገበሬ ድንገት ስክሪኑን ቢያይና «ይኼ ባዶ ከረጢት ከመቼ ወዲህ ነው ግማሽ ኪሎ የሆነው?» ቢል፣ ሟች የሚደብቀው ነገር አልነበረም። ይህ እንደ ጉድለት ተቆጥሮበታል፤ እኔ ጨዋነት ነው እላለሁ። የይለፍ ቃል ሲሰጡትም ያንኑ ያህል በግልጽ አስጥቶት ያድር እንደነበር አልክድም፤ እዚያ ላይ አልከራከርለትም።

ከውለታው ሁሉ የሚበልጠው ግን በስልክ የሚታከም መሆኑ ነው። ነጋዴው ከእንሴኖ ይደውላሉ፦ «አንተ ልጅ፣ ያ ነገርህ ዛሬም ወረቀቱን አግድም ያትመዋል።» ጠጋኙ ቡታጅራ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ፦ «ሐጂ፣ ፋይሉን በኖትፓድ ይክፈቱት። ፕሪንተር የሚል አዩ? ከሥሩ አግድም እኩል ይሆናል 1 ይላል አይደል? 1ዱን ያጥፉና 0 ይጻፉ። ሴቭ።» «በቃ?» «በቃ።» ሻዩ አልቀዘቀዘም፤ ሚኒባስ አልተሳፈረም፤ ሐጂም የገዛ ፕሮግራማቸውን አንጀት አይተው «ይኼን ያህል ነው እንዴ?» ብለው ጠጋኙ ላይ ዋጋ ቀንሰዋል።

ትልልቆቹም ቤት አገልግሏል። ዛሬ ሴጅ 50 የሚባለው፣ የሒሳብ ሠራተኞቻችን ግን እስካሁን በልጅነት ስሙ ፒችትሪ የሚሉት ፕሮግራም፣ የድርጅቱ ሒሳብ የትኛው ፎልደር ውስጥ እንዳለ የሚያስታውሰው በኢኒ ነበር። ሒሳቡ ወደ ሌላ ማሽን ሲዛወር ፒችትሪ ድርጅቱን አላውቅም ይላል፤ ሒሳብ ሹሟ ትደነግጣለች፤ አዋቂው ኢኒውን ከፍቶ የአድራሻውን መስመር ያስተካክላል፤ የዓመት ሒሳብ ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ያ አዋቂ ምሳውን በነጻ ይበላል።

ክፉ ቀን የመጣው ነሐሴ 18 ቀን 1987 ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ ከዋለ ከሦስት ቀን በኋላ ዊንዶውስ 95 ወጣና በፕሮግራሞች አገርም ሥርዓት ተለወጠ። ሬጂስትሪ የሚባለው፣ ቀድሞ በዊንዶውስ 3.1 ጓዳ ውስጥ ብቻ የነበረው፣ ሥልጣኑን ጠቀለለ። ማይክሮሶፍት በመመሪያው ላይ ኢኒን የሚያነቡት ትእዛዞች ለ16 ቢት ፕሮግራሞች ሲባል ብቻ የተተዉ ናቸው፣ ሌላው ሴቲንጉን ሬጂስትሪ ውስጥ ያስቀምጥ ብሎ ጻፈ። በጡረታ ይገለል ማለት ነው። ሬጂስትሪ የመንደሩ ሰው ሁሉ እህሉን አንድ ላይ የሚያፈስበት ጎተራ ነው፤ የአንዱን ጤፍ ሲፈልጉ የሌላውን አጃ ይደፋሉ። እስቲ ሐጂን በስልክ «ሬጅኤዲት ብለው ይጻፉ፣ ኤችኪ ከረንት ዩዘርን ይክፈቱ፣ ሶፍትዌር፣ ከዚያ ቪቢ ኤንድ ቪቢኤ ፕሮግራም ሴቲንግስ…» በሏቸው። ስልኩ ይዘጋል። የዘጉት ደግሞ ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም።

ከዚህ ላይ የአገራችንን ሕክምና አስቡበት። ኮምፒውተር ዘገየ፣ ፎርማት። ቫይረስ ገባ፣ ፎርማት። ባለቤቱ ከሚስቱ ጋር ተጣላ፣ ለማንኛውም ፎርማት። ሲ ድራይቭ ይታጠባል፣ ዲ ይተርፋል። ሬጂስትሪ ሲ ውስጥ ነውና የበርበሬው ፕሮግራም ሁሉን ረስቶ፣ ፈረሱላ ምንድን ነው ብሎ ይነሣል። ዲ ላይ ከፕሮግራሙ ጎን የተኛው ኢኒ ግን ምንም እንዳልሆነ «17» ይላል። በፍላሽ ገልብጠው ሌላ ማሽን ላይ ቢያስቀምጡትም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛውን ምት ያሳረፈበት ቪስታ ነው። እኛ ለሚሊኒየሙ በዓል ስንሰናዳ፣ ጥር 22 ቀን 1999 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ፣ ፕሮግራም ፋይልስ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ተራ ተጠቃሚ እንዳይጽፍ አገደ። ሐሳቡ ደግ ነበር። ነውሩ፣ ለአሮጌ ፕሮግራሞች አገድኩ ሳይል ማገዱ ነው። ፕሮግራሙ ኢኒውን ሲጽፍ ዊንዶውስ እሺ ይላል፤ ግን ቅጂውን ወስዶ ቨርቹዋል ስቶር የሚባል ጓዳ ውስጥ ይደብቃል። ፕሮግራሙ ጓዳ ያለውን ያነባል፤ ሐጂ በኖትፓድ የሚያዩት ቀድሞ የነበረውን ነው። በአድሚን ፈቃድ ከፍተው ያርማሉ፣ አይለወጥም። እንደገና ያርማሉ። ጠጋኙ በስልክ «ሴቭ አድርገዋል?» ይላል፤ ሐጂ ይቆጣሉ፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ፕሮግራሙን ዲ ላይ የጫነ ሰው ብቻ ከዚህ ጣጣ ዳነ፤ የፎርማት ፍርሃት እንዲህም ጠቅሞናል።

በፊደላችን ላይ ያደረሰውን ሳላነሣ ባልፍ ግን ውዳሴው ሐሰት ይሆናል። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትሙ የግዕዝን ፊደል ከመመዝገቡ በፊት የአማርኛ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ያስቀምጡ ነበር። ያኔ ኢኒ ላይ «እንሴኖ» ቢጻፍ በኖትፓድ የተዘበራረቀ ላቲን ይታያል፤ ፎንቱ ሲመለስለት ግን እንሴኖ ሆኖ ይነሣል። ፊደላችን የራሱን ቦታ ባገኘ ማግሥት ሟች ማንበብ አቃተው። ኢኒን የሚጽፈው የዊንዶውስ ትእዛዝ፣ ፋይሉ ከመነሻው በዩኒኮድ ካልተፈጠረ፣ በአሮጌው ኮድ ይጽፋልና አራቱን ፊደል አራት የጥያቄ ምልክት አድርጎ ያስቀምጣል። የድርጅቱ ስም «????»፤ አድራሻ «????»። ግብር ከፋይነቱ አጠራጣሪ የሆነ ድርጅት ይመስላል። ባዶውን ፋይል አስቀድሞ በኖትፓድ «ዩኒኮድ» ብሎ ሴቭ ማድረግ ያድን ነበር፤ ለአሮጌው ቪዥዋል ቤዚክ ግን ይኼም አልሠራለትም፤ ቃሉን ገና ሳይልከው ይበላዋልና።

መብራትም አለ። ኢኒ እየተጻፈ መብራት ከሄደ፣ ተመልሶ ሲመጣ ፋይሉ ስሙ ብቻ ቀርቶ ሆዱ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ብልህ ፕሮግራመር አዲሱን በሌላ ስም ጽፎ ሲያበቃ ነበር በአሮጌው ስም የሚተካው፤ ሰነፉ ደግሞ ነጋዴውን «ዩፒኤስ ይግዙ» ይል ነበር።

ስለ ዘመዶቹ ባጭሩ። የአጎቱ ልጅ አውቶራን ዶት ኢንፍ፣ በዚያው በቅንፍና በእኩል ይሆናል የተጻፈ፣ በየፍላሹ ተሳፍሮ የየኢንተርኔት ቤቱን ኮምፒውተር ሲበክል የኖረው፣ ድንኳኑ ደጃፍ ቆሟል፤ እንዳታስገቡት። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2011 ለኤክስፒና ለቪስታ በላከው ማሻሻያ ከፍላሽ ላይ ካገደው ወዲህ ሥራ ፈት ነው። የበኩር ልጅ ልጁ ቶምል እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የአያቱን ቅንፍ ይዞ በሰው አገር ተከብሮ ይኖራል።

ውርሱን የሚሻሙት ብዙ ናቸው። ከዶት ኔት 2.0 ጋር የመጣው ዩዘር ዶት ኮንፊግ ስሙ ከሰላሳ ፊደል በላይ በሆነ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል፤ ፕሮግራሙ አዲስ ቁጥር ባወጣ ቁጥር አዲስ ፎልደር ይከፍታል፤ ፕሮግራመሩ «የትናንቱን አምጣ» ካላለው ሴቲንጉ እንደ አዲስ ይጀምራል። ጄሰን የተማረ ልጅ ነው፤ ግን አንዲት ትርፍ ኮማ ካየ ሥራ ያቆማል፣ ማስታወሻም አይቀበልም፤ ሐጂን ኮማ ላስተምር የሚል ይሂድና ይሞክር። ኤስኪውላይት ከሁሉም ይሻላል፤ ሪቻርድ ሂፕ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ሲሆን መሃል ላይ መብራት ቢሄድ እንኳ ወይ አሮጌው ወይ አዲሱ ይገኛል። ለደረሰኞቹ እሱን እሰጠዋለሁ። በኖትፓድ ስለማይከፈት ግን የፈረሱላን ጉዳይ አልሰጠውም። ክላውድም ተወካይ ልኳል፤ ኔትወርክ የለም ተብሎ መንገድ ላይ ቀርቷል።

የእኔ ድምፅ፦ ለትንሽ ፕሮግራም ያው የጽሑፍ ፋይል ይሁን፤ በዩኒኮድ፤ ለተጠቃሚው በተፈቀደው አፕዴታ ፎልደር ውስጥ፤ ካልሆነም ዲ ላይ። ሐጂ ከፍተው ያንብቡት።

በመጨረሻ ለእድሩ ዳኛ አንድ ጥያቄ አለኝ። የሐኪሙ ወረቀት ሟች ሞቷል ይላል። እኔ ግን ድንኳን ልተክል ስመጣ ዊንዶውስ 11 ላይ ጠርቼው ነበር፤ «17» ብሎ መለሰልኝ። እድር ለሚተነፍስ ሰው ይከፍላል ወይ ብዬ ገንዘብ ያዡን ብጠይቃቸው፣ ንፍሮው ተቀቅሏል፣ ይቀበር ብለዋል።