ከሁለት አንድ ሲቀነስ

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ነጭ ሽንኩርት በጅምላ የሚያከፋፍሉ ነጋዴ ሁለት ስልካቸውን ከሚዛኑ ጎን ደርድረው፣ «ምናለ እነዚህ ሁለት የስልክ ድርጅቶች ተዋሕደው ብገላገል!» አሉኝ።

አያ፣ ሁለት ስልክ ከበደዎት? የአንዱ ዘመንስ ቀሎዎት ነበር? ዋጋ ሲጨምር ወዴት ይሄዱ ነበር? ኔትወርክ ሲጠፋ ለማን ይደውሉ ነበር? በምንስ ይደውሉ ነበር? ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ድሬዳዋ ላይ እስኪጀምር ድረስ አገር ምድሩ የሚደውለው በአንድ በር ነበር። ለሁለተኛዋ በር 850 ሚሊዮን ዶላር የፈቃድ ክፍያ ተከፍሎባታል፤ እርስዎ በነጻ ትዘጋ ይላሉ!

«እንግሊዞች አዋሕደው የለ?» አሉ የጎን ባለሱቅ።

አዋሕደዋል፤ ቮዳፎንና ስሪ በግንቦት 2017 አንድ ሆነዋል። እዚያ ግን አራት ነበሩ፣ ሦስት ቀሩ። እኛ ዘንድ ከሁለት አንድ ሲቀነስ ስንት ይቀራል? እነሱንም ቢሆን ተቆጣጣሪው ዝም ብሎ አልመረቃቸውም። 11 ቢሊዮን ፓውንድ ኔትወርኩ ላይ እንዲያፈሱ፣ የአንዳንድ ጥቅሎችንም ዋጋ ለ3 ዓመት ከጣሪያ እንዳያሳልፉ ቃል አስገብቷል። ውሕደት ለደንበኛ ማር ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ማሰሪያ ለምን አስፈለገ?

«በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ሁለቱም ዝም አላሉም?»

ብለዋል። እሱን ውሕደት አይከፍተውም፤ መዋሐድ አለመዋሐዳቸው ለዚያ መድኃኒት አይደለም።

ነጋዴው ግን አልተረቱም። «ሽንኩርት የሚልክልኝን የደባርቁን ሰውዬ በአንዱ መስመር እንቢ ሲለኝ በሌላው ነው የማገኘው፤ ካርድ ሁለቴ እየሞላሁ!»

አያ፣ ምስክሬ ራስዎ ሆኑ! አንድ ቢሆኑ የደባርቁ ሽንኩርት ዛሬ እዚህ አይደርስም ነበር። የሚያስከፋዎት ሌላ ነው፤ እኔም እሱ ያስከፋኛል። ቀና ብዬ ታፔላዎን አየሁት፤ በቀይ ቀለም የተጻፈውን የ09 ስልክ ቁጥር ፀሐይ ቢያነጣውም ደንበኛ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ጆንያው ላይም በማርከር ያው ቁጥር አለ። የተሻለ ዋጋ ፍለጋ ያን ቁጥር ቢጥሉ ከቁጥሩ ጋር ገበያውም ይሄዳል። ታፔላው የታሰረው በግድግዳው ነው፣ ነጋዴው የታሰረው በታፔላው።

ስለዚህ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የምንለው ይህን ነው፦ ድርጅቶቹ ሁለት ይሁኑ፣ ሦስተኛም ይጨመር፤ ነጋዴው ግን ቁጥሩን እንደያዘ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሻገር። ቁጥሩ የእሱ ነው።