ጭቃ ሲሠለጥን

አጎቴ የጭቃ ቤቱን ያፈረሰው «ሰው ፊት አሳፈረኝ» ብሎ ነው። በምትኩ ብሎኬት ደረደረ፤ ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፣ ሌሊት እንደ መቃብር ይበርዳል፤ ክብሩ ግን ሙሉ ነው። በቀደም ልጁ ከአዲስ አበባ ደወለለት፦ «አባዬ፣ ለእረፍት የጭቃ ጎጆ ተከራየን! አንዱ አዳር የአንድ በግ ዋጋ ነው፤ ግን ያዋጣል።» አጎቴ ስልኩን ዘግቶ ብሎኬቱን ሲያይ ቆየ።

ጭቃው ያው ጭቃ ነው። የባሕር ዛፍ ቋሚ ይተከላል፣ ማገር ይመታል፣ አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር በእግር ይረገጣል። ከዚያ ለቀናት ይተዋል፤ እስኪቦካ፣ እስኪሸት። (ሽታውን በጎጆው ማስታወቂያ ላይ አላነበብኩም።) ጭዱ ምርጉ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። አያቴ ይህን ታውቅ ነበር፤ ዲግሪ የሰጣት ግን የለም። ዛሬ ገንዘብ ተከፍሎ ጭቃ የሚረገጥበት ሥልጠና አለ አሉ። በደቦው ዘመን የረገጠ ይበላ ይጠጣ ነበር፤ ጠላውም በባለቤቱ ወጪ።

ለአጎቴ ስለ ፍራንሲስ ኬሬ ነገርኩት። የቡርኪና ፋሶ ሰው ነው፤ በትውልድ መንደሩ በጋንዶ፣ ከመንደሩ ሰው ጋር፣ ከአካባቢው አፈር በተመታ ጡብ ትምህርት ቤት ሠራ። በ2022 እ.ኤ.አ. ፕሪትዝከር የሚባለውን ትልቁን የአርክቴክቸር ሽልማት ተሸለመ።

«አፈሩን ከየት አመጣው?» አለኝ።

«ከዚያው ከመንደሩ።»

«ታዲያ ሰው ፊት አላሳፈረውም?»