ከሌባ ጋር ቁራኛ

የአዲስ አበባ ባለመኪና የሰሌዳ ቁጥሩን የማያስቀርጽበት ቦታ የለም። ስፖኪዮው ላይ አለ፤ ፍሬቻው ላይ አለ፤ የበሩ መስታወት ጥግ ላይ አለ። ይህ ሁሉ ሆኖ አንድ ቀን ጠዋት ሲወጣ ስፖኪዮው በነበረበት ቦታ ባዶ ሽቦ ተንጠልጥሎ ይጠብቀዋል። ያን ጊዜ የሰፈሩ ሰው ሁሉ አንድ ምክር ነው ያለው፦ "ሶማሌ ተራ ሂድና ፈልግ።" የገዛ ስፖኪዮውን ተከራክሮ፣ ዋጋ አስቀንሶ፣ አመስግኖ ገዝቶ ስለተመለሰ ሰው ያልሰማ ባለመኪና የለም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ነገሩ ብሷል። በዚያ ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ ዓመቱ ሳያልቅ፣ በሐምሌ፣ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። አሮጌ መኪና ከነአሮጌ ዕቃው ወርቅ ሆነ።

እኔም ወርቄን እየነዳሁ ነው ለአክስቴ ልጅ ሽምግልና ወደ አምቦ የወረድኩት። መንገዱ ደስ ይላል። ሆለታን፣ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማ ሊያደርጓት አስበው የነበረችውን አዲስ ዓለምን፣ ኦሎንኮሚን፣ ግንጪን እያለ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ በጤፍ ማሳ መሐል ይነጉዳል። በየመሐሉ ፍተሻ አለ። ትቆማለህ፣ ትወርዳለህ፣ መታወቂያና ሊብሬ ታሳያለህ፣ "መልካም መንገድ" ተብለህ ትሸኛለህ። ሽምግልናውም እንደ መንገዱ ቀና፤ ሽማግሌዎቹ ለወጉ ያህል ትንሽ አስጨንቀውን ልጅቷን ሰጡን። ማታውን መብራት ጠፍቶ ስለነበር በሻማ እራት በላን፣ ተመራረቅን፣ እኔም ወደያዝኩት አልቤርጎ ሄጄ ተኛሁ። ግቢው በሚኒባስ ሞልቶ ነበርና መኪናዬን ያቆምኩት ከአጥሩ ውጭ፣ ከዘበኛው ማማ ፊት ለፊት ነው።

ሊነጋጋ ሲል በሬ ተንኳኳ። ዘበኛው ነው፤ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል።

"ጋሼ፣ አይደንግጡ፤ መኪናው አለ" አለኝ።

በዚህ ዓለም ላይ "አይደንግጡ" ከሚል ቃል የበለጠ የሚያስደነግጥ ነገር አላውቅም። ስወጣ እውነትም መኪናው አለ። የኋለኛው በር ትንሿ ባለሦስት ማዕዘን መስታወት ግን የለችም፤ ወንበሩ ላይ በረዶ የዘነበ ይመስላል። ሌባው ድምፅ እንዳይሰማ የማዳበሪያ ከረጢት አልብሶ ነው የመታት፤ ከረጢቱን አጣጥፎ እዚያው ወንበሩ ላይ አስቀምጦታል። ጨዋ ሌባ ነው። የወሰደውን ስቆጥር ስኮርታው የለም፤ ክሪኩ የለም፤ የስልኬ ቻርጀር የለም፤ ሊብሬው ያለበት ጃኬቴም የለም። ለቤት ብዬ የገዛሁት አንድ እሽግ አምቦ ውሃ ግን እንዳለ ተቀምጧል፤ አንዲት ጠርሙስ እንኳ አልነካም። በጠርሙስ መታሸግ ከጀመረ ዘጠና ዓመት ያለፈውን፣ አገር ሁሉ ከፍሎ የሚጠጣውን ውሃ፣ ፋብሪካው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ሰንቀሌ የሚገኘውን፣ አምቦ ላይ ማን ይሰርቀዋል?

ወሬው እንዴት እንደተዳረሰ እንጃ፤ ፊቴን ሳልታጠብ ሰው ከበበኝ። ማዶ ቡና የሚያፈሉት አዴ ጀበናቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ መጡ። "የኔ ልጅ፣ በከንቱ አትድከም፤ ቃሉ ዘንድ ሂድ። ሌባው እርግማኑን ሲሰማ በሌሊት አምጥቶ በርህ ላይ ይጥልልሃል" አሉኝ። ቀልድ አይደለም፤ በምዕራብ ሸዋ የጠፋ ዕቃና የተካደ ብድር ይዞ ፍርድ ቤት ከመሄድ የባህላዊ እምነት አባት የሆነው ቃሉ ዘንድ መሄድ የሚመርጥ ሰው ጥቂት አይደለም። ሙግቱ እዚያ በሽማግሌ ይሰማል፤ ማኅተም የለውም፣ ፍርሃቱ ግን ከማኅተም ይበልጣል።

የሕግ ተማሪ ነኝ ያለ አንድ ወጣት ደግሞ በዚህ አልተስማማም። "ጋሼ፣ ይኼ ተራ ስርቆት እንዳይመስልዎት። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ተራውን በአንቀጽ 665 ነው የሚቀጣው። ሰብሮ ከገባ ግን ወደ ከባድ ስርቆት፣ ወደ 669 ሊሄድ ይችላል። ዕቃውን የገዛውም ሰው በ682 አለበት" አለኝ። ደስ አለኝ። የቀረን ተከሳሹ ብቻ ነው።

ከኋላ የቆሙ አዛውንት ሳቁ። "ድሮ ቢሆን ሌባሻይ ነበር" አሉ። ስለ ሌባሻይ አባታቸው የነገሯቸውን ሲያወጉን ቡናው ሦስተኛ ደረሰ። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፤ ይጨስበታል፤ ልጁ ራሱን ስቶ፣ ወገቡ ላይ በታሰረ ገመድ እየተያዘ በየመንደሩ ይነዳል። ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው፤ ይግባኝ የለም። ልጁ የማን ጠላት ቤት ላይ እንደሚወድቅ ገመዱን የያዘው ሰው ሳያውቅ አይቀርም ነበር የሚሉም አሉ። አውጫጭኝ የሚባለውም አለ፦ ያገሩ ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰብና ሌባውን እስኪያወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይሄድም። እርሻው ይቆማል፣ ከብቱ ይራባል፤ አንድ ሰው ሲመረው ይናገራል።

እኔን የያዘኝ ግን ሦስተኛው ነው፤ ቁራኛ። ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ እስኪያያቸው ድረስ በሰንሰለት ወይም በነጠላቸው ጫፍ ይተሳሰሩና አብረው ይከርማሉ። ዳኛው ሩቅ አገር ከሆነ አብረው ይጓዛሉ፤ አብረው ይበላሉ፤ አንዱ ለሽንት ሲነሣ ሌላው ይነቃል። እስር ቤት በሌለበት አገር ከሳሹ ራሱ እስር ቤት ሆነ ማለት ነው። አዛውንቱ ይህን ሲናገሩ እኔም እንደ ሌላው ስቄያለሁ። እስከ ማታ ድረስ ግን ከማላውቀው ሰው ጋር ተቆራኝቼ ስጎተት ዋልኩ፤ ልዩነቱ በሰንሰለቱ ሌላ ጫፍ ማንም አለመኖሩ ነው።

መጀመሪያ ሰንሰለቱ የጎተተኝ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ነው። የተቀበለኝ ወጣት ፖሊስ ትሑት ነው፤ ወንበር ሰጠኝ።

"የሚጠረጥሩት ሰው አለ?"

አሰብኩ። በዚህ ከተማ የማውቃቸው የአክስቴን ቤተሰቦችና ትናንት ማታ ልጃቸውን የሰጡንን ሰዎች ብቻ ነው። "የለም" አልኩ፤ ለአማች ሲባል።

"ጥሩ። የጠፋውን ሊብሬ ለመመዝገብ የሊብሬውን ኮፒ ያምጡ።"

"ሊብሬው እኮ ነው የጠፋው።"

"እሱማ ገብቶኛል። እኔ ያልኩት ኮፒውን ነው።"

እውነቱን ነው፤ መኪናው የእኔ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለው? ከመኪና ዕቃ የሰረቀ ሰው ምንም አይጠየቅም፤ የተሰረቀበት ሰው ግን መኪናው የራሱ መሆኑን ማስረዳት አለበት። ኮፒው አዲስ አበባ ቤቴ ነው። ልጄ በስልክ ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች እንዳልል ስልኬ ሞቷል፤ ሌሊቱን መብራት አልነበረም፣ ከመኪናዋ የማስሞላበትን ቻርጀር ደግሞ ባለጉዳዩ ወስዶታል። በመጨረሻ ፖሊሱ ራሱ ስልኩን አውሶኝ፣ ፎቶው መጥቶ፣ በጄኔሬተር የሚሠራ ፎቶ ኮፒ ቤት ተገኝቶ፣ ጥላ ሥር የተቀመጠ ራፖር ጸሐፊ ማመልከቻዬን በአፋን ኦሮሞ አሳምሮ ጽፎልኝ፣ ማስረጃው ማኅተም አረፈበት።

ቀጥሎ ነዳጅ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ነዳጅ የሚከፈለው በስልክ ነው፤ ጥሬ ብር ይዘህ ብትለምን ቀጂው አይቀበልህም። ወረፋውን ጨርሼ ፓምፑ ጋ ስደርስ ኪሴ ውስጥ ብር አለ፣ እጄ ላይ የሞተ ስልክ አለ። ከኋላዬ ያለው ሁሉ ክላክስ ያደርጋል። ከባጃጆቹ ሰልፍ አንድ ሾፌር ወርዶ መጣ፤ በራሱ ቴሌብር ከፈለልኝ፣ ብሩን ከእጄ ተቀበለ፣ "ለድካምህ" ብዬ የጨመርኩትን መለሰልኝና "ጀባዱ!"፣ በርታ ማለቱ ነው፣ ብሎኝ ሄደ። እስከ ዛሬ ስሙን አለመጠየቄ ይቆጨኛል።

ከአምቦ ስወጣ የሰማዩ ፊት ጠቁሯል። የተሰበረውን መስታወት በምን እንደሸፈንኩት ልንገራችሁ? በሌባው ማዳበሪያ ከረጢት። ፕላስተር ለጣጥፌ አጥብቄዋለሁ፤ ነፋስ ሲገባበት ግን እስከ ግንጪ ድረስ ሲያጨበጭብልኝ ሄደ። ግንጪ ልገባ ስል ዝናቡ ወረደ፤ ከዝናቡ ጋር ጎማዬም ተነፈሰ። ስኮርታ የለኝ፣ ክሪክ የለኝ። ከየት እንደመጡ ያላየኋቸው ጎረምሶች መኪናዋን "ሆ!" ብለው አንሥተው ድንጋይ አስደገፉልኝ፤ ጎማዬን ባጃጅ ላይ ጭኜ ጎሚስታ ፍለጋ ሄድኩ።

ጎሚስታው ጎማውን በኮምፕሬሰር ሞላና ወደ በርሜሉ ዞረ። በርሜሉ ደረቅ ነው።

"የቧንቧ ውሃ ከሄደ ሰነበተ። ዝናቡ ደግሞ ጎርፍ እንጂ ውሃ አልሆነልንም። የሆነ ውሃ አለህ?"

አለኝ እንጂ! ሮጬ አንድ ጠርሙስ አምቦ ውሃ አመጣሁ። ጎሚስታው ጎንበስ ብሎ ጎማው ላይ እየዞረ አፈሰሰው፤ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ ለማየት ዐይኑን አጠበበ። ጎማው ከዳር እስከ ዳር ተንተከተከ። እዚህ አረፋ፣ እዚያ አረፋ፤ ጎኑ ላይ አረፋ፣ ጥርሱ መሐል አረፋ። ጎሚስታው ቀና ብሎ ፊቱን ምንም ሳይለውጥ፦

"ጋሼ፣ ይኼ ጎማ ያልተበሳበት ቦታ የለም" አለኝ።

መፍትሔውም ከእሱው መጣ። ጠርሙሱን እየናጠ፣ ክዳኑን እያላላ፣ እንደገና እየናጠ ጋዙን አስወጣው። ግማሹ ልብሳችን ላይ ተረጨ፤ ሌሎቹን ጠርሙሶች ጎረምሶቹ ለሆድ መነፋት ጥሩ ነው እያሉ ጨረሷቸው። የተረፈው ዝም ያለ ውሃ ሲፈስ አንዲት ብቸኛ አረፋ ከአንዲት ሚስማር ሥር ብቅ አለች። ሌባው የተወልኝ ንብረት በዚህ አለቀ።

ከዚያ በኋላ በየፍተሻው ቆሜ የፖሊሱን ወረቀት ሳሳይ "ሊብሬ?" "ተሰርቋል።" "በማን?" እየተባባልን አመሸን።

አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ የተሰበረ መስታወት ይለወጣል ብዬ መድን ድርጅት ሄድኩ። እኔ ያለኝ በሕግ የግድ የሆነው፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የሚገዛው የሦስተኛ ወገን መድን ነው። ሠራተኛዋ በትዕግሥት አስረዳችኝ፦ ይህ መድን እኔ በመኪናዬ ለምጎዳው ሰው ነው እንጂ ለእኔ አይደለም። ሲገባኝ፣ ሌባው በማግስቱ መንገድ ሲያቋርጥ ገጭቼው ቢሆን ኖሮ ካሳ የሚያገኘው እሱ ነው። ሊብሬ የሚያወጣው መሥሪያ ቤት ደግሞ የአምቦውን ማስረጃ አገላብጦ በአማርኛ ተተርጉሞ፣ ማኅተም አርፎበት እንዲመጣ አዘዘ። አስተረጎምኩ። ይዤ ስመለስ የቀረ አንድ ነገር አለ ተባልኩ፤ ኮፒው ከስልክ ፎቶ የተነሣ ስለሆነ ቁጥሩ አይነበብም፣ የሚነበብ ይምጣ።

ሌባሻይ ይመለስ አልልም፤ አውጫጭኝም ይቅር። ቁራኛን ግን በሥራ ሰዓት ብቻ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከምሳ ሰዓት በስተቀር ቢፈቅዱልኝ አልጠላም ነበር። እኔ ወረፋ ስይዝ እሱ ፎቶ ኮፒ ያስነሣ ነበር። ዋናው ሊብሬ እሱ ጋ አይደል?