የግልባጭ ጠባይ፦ አጭር የመስሪያ ቤት ጥናት

የአንድ መስሪያ ቤት ሰዎች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚፈራሩ ለማወቅ መጠይቅ መበተን አያስፈልግም። አንድ ደብዳቤ አንስቶ ግርጌውን ማንበብ ይበቃል። ከላይ ስሙ የሰፈረው ተቀባይ ለወጉ ያህል የተቀመጠ ነው፤ ደብዳቤው በእርግጥ የተጻፈላቸው «ግልባጭ» ከሚለው ሥር የተሰለፉት ናቸው።

ለናሙና የተወሰደው ደብዳቤ «ጉዳዩ፦ መስኮት መዝጋትን ይመለከታል» ይላል። የላኪና የተቀባይ ጠረጴዛ የተገጣጠመ ነው፤ እጅ ቢዘረጉ ይነካካሉ። ደብዳቤው ግን ሁለት ፎቅ ወርዶ መዝገብ ቤት ይገባል፤ ወጪ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ማኅተም ያርፍበታል፣ በማግስቱ ተመልሶ ይወጣና በፊርማ ይረከቡታል። ግልባጭ፦ ለሰው ሀብት፣ ለሕግ አገልግሎት፣ ለውስጥ ኦዲት። ኦዲት ከመስኮት ጋር ያለው ግንኙነት ገና አልተደረሰበትም። ሁለቱ ባልደረቦች ከመስቀል ወዲህ እንደምን አደርሽ፣ እንደምን አደርክ ተባብለው አያውቁም፤ ደብዳቤው ግን «ከሰላምታ ጋር» ብሎ ያበቃል። (የስንብት ደብዳቤም የሚያበቃው እንዲሁ ነው።)

ግልባጭ እንደ ተላከለት ሰው ጠባዩ ይለያያል። ለአለቃ ሲሆን ስሞታ፣ ለኦዲት ሲሆን ማስፈራሪያ፣ ለሠራተኛ ማኅበር ሲሆን ኑዛዜ ነው።

ወረቀት እንዲህ የተፈራው ያለ ነገር አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት ያረፈደ ሠራተኛ ውሉ ሊቋረጥ ይችላል። ሕጉ ጽሑፍ የጠየቀው ሰው በአንድ ጠዋት ንዴት እንዳይባረር ብሎ ይመስለኛል። መስሪያ ቤቱ ግን የተረዳው «ማን ቀድሞ ጻፈ?» ብሎ ነው። ስለዚህ አለቃው ያረፈደውን ይመዘግባል፤ ያረፈደውም አለቃው ራሱ በስንት ሰዓት እንደገባ ይመዘግባል፤ ሁለቱም መሳቢያቸውን ቆልፈው ይወጣሉ። ባለጉዳዩን የሚመዘግብ በጥናቱ ወቅት አልተገኘም።

ጥናቱን ለማስፋት ፈቃድ ጠይቄ ነበር። ማመልከቻዬ «ለሚመለከተው ክፍል» ተመርቷል። የሚመለከተው ክፍል እስካሁን ባይገኝም ግልባጩ ለሁሉም ደርሷል፤ ከሕግ አገልግሎት ማን እንደላከኝ በ3 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዳስረዳ ተጠይቄያለሁ፣ ከሰላምታ ጋር።