ሐምሌ ይመስክር

«ጋሼ፣ የኪራይ ቤቱ ይደርሳል፤ መጀመሪያ የምዝገባ ጥሪው ይውጣ» አለኝ የእህቴ ልጅ ከሐዋሳ ደውሎ። ስድስት ኪሎ ማስተርሱን ለመማር አመልክቷል።

ይደርሳል፣ ልጄ። ቀድሞህ ለፈለገው ይደርሳል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለኛል ደግሞ። እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ቆጡን ሌላ ዶሮ ትከራየዋለች!

ዶርም በዋናነት የመደበኛው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ነው። ማስተርስ የሚማረው፣ የማታው፣ የግል ኮሌጁ ተማሪ አብዛኛው ማደሪያውን ራሱ ይፈልጋል። ሁሉም ደግሞ የሚፈልገው በአንድ ሰሞን፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ነው። ያኔ ከሽሮ ሜዳ እስከ ቀበና አንዲት ክፍል ጠዋት የተነገረላት ዋጋ ከሰዓት አይገኝም።

«ታዲያ መቼ ልምጣ?»

ሐምሌ።

«በዚያ ዝናብ?»

ዝናቡን ብዬ ነው እንጂ!

ቤት በጥቅምት አይታይም። ባለቤቱ ለእንቁጣጣሽ ቀለም ቀብቶታል፤ ፀሐይዋ ግቢውን አድርቃዋለች። ሐምሌ ላይ ሂድና ደጁ ላይ ቁም። ቆርቆሮው የት ጋ እንደተበሳ ወለሉ ላይ የተቀመጠው ባልዲ ያሳይሃል። ግድግዳውን ከታች ጀምረህ በመዳፍህ ዳስሰው፤ እርጥበቱ እስከ አልጋ ቁመት ከወጣ ሳንባህን ነው የምታከራየው። ሽሮ ሜዳ የእንጦጦ እግር ሥር ነው፤ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ በየትኛው ግቢ በር እንደሚገባ ቆመህ ታየዋለህ። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ሞልቶ እንደሆነ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግህም። ባለቤቱ ቢደብቅ፣ ደላላው ቢምል፣ ሐምሌ ይመስክር።

እኔ ተማሪ ሳለሁ በጥቅምት አንዲት ሰርቪስ ቤት ያዝኩ። ነጭ ቀለሟ ያበራ ነበር። ክረምት ሲገባ ጣሪያዋ በራስጌዬ በኩል ፈሰሰ፤ ለመመረቂያ ጽሑፌ የሰበሰብኩት ማስታወሻ፣ ሁለት ደብተር ሙሉ፣ ሌሊቱን ሊጥ ሆኖ አደረ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ይሄ ልጅ ያን እንዲያይ አልፈልግም።

«ወንድሜ፣ ይቺን ቤት ዛሬ ብቻ ሦስት ሰው አይቷታል፤ ቀብድ ጣል» ይልሃል ደላላው። ሦስት ሰው አይቷት ማንም ካልያዛት፣ እኔም ምክንያቱን ሳላውቅ አልይዛትም፣ በለው።

«የስድስት ወር ቅድሚያ» ትላለች አከራይዋ። በአክብሮት መልስ፦ እትዬ፣ አዋጁ ከሁለት ወር በላይ አይጠየቅም ይላል፤ የቀረውን እዚሁ እየኖርኩ በየወሩ እከፍልዎታለሁ። አዋጁም ስም አለው፤ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት አይነስ ይላል። የማስተርስ ትምህርት በአብዛኛው 2 ዓመት ነው። አንዴ ደህና አድርጎ የፈለገ ልጅ ተመርቆ እስኪወጣ ደላላ ደጅ አይቆምም። ጭማሪም በዓመት አንዴ ነው፤ መጠኑ ሰኔ 30 ይፋ ይሆናል። ሐምሌ ላይ የሚጠይቅ ሰው ይህን ሁሉ አውቆ ይከራከራል።

ጥቅምት ላይ ግን? ነገ ክፍል የሚጀምር፣ ሻንጣውን በእጁ የያዘ ልጅ አዋጅ ሊጠቅስ አይችልም። አከራይዋም ሻንጣውን አይታ ነው ዋጋ የምትናገረው።

«ጋሼ፣ ካላለፍኩስ?»

ካላለፍክ የከሰርከው የአውቶቡስ ሂሳብ ነው።

«ሁለት ወር ባዶ ቤት ልከፍል ነው እንዴ?»

ማየትና መያዝ ለየቅል ናቸው። የተማሪ ኪስ ምን እንደሚችል አውቃለሁ። ሐምሌን እይበት፣ ሁለት ሦስቱን ምረጥ፣ ስልካቸውን ያዝ። ነሐሴ 20 አካባቢ፣ ለቃቂው ወር ሳይሞላ ሲናገር፣ ተዋዋል። ስታይ ቆጣሪው የግል ይሁን የጋራ፣ ውሃው በስንት ቀን እንደሚመጣ፣ የግቢው በር ማታ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ጠይቅ፤ ቤተ መጻሕፍት የሚያመሽ ልጅ ነህ። ሰፈሩ ይፈርሳል ተብሎ እንደሆነም ጎረቤቱን ጠይቅ። ከ2016 ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ስንቱ ቤት ፈርሷል። በእግር የሚደረስበት ክፍል አንሷል፤ ስለዚህ ራቅ ያለውን ስታይ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ታክሲ ተሰልፈህ እየው።

አንድ መልስ ደግሞ ከእህቴ ልጅ ለሚበልጡት፣ ለዩኒቨርሲቲዎቹ። የምዝገባ ጥሪ ቀናት ሲቀሩት አውጥታችሁ «ተማሪው ተዘጋጅቶ ይጠብቅ» ትላላችሁ። የት ተቀምጦ? ቀኑን በሰኔ የምታውቁት ከሆነ በሰኔ ንገሩት። ይሄ ልጅ ከእናቱ ጓዳ የወጣ ገንዘብ ይዞ ነው የሚመጣው፤ የእናንተ አንድ ሳምንት መዘግየት ለእሱ የዓመት ኪራይ ልዩነት ነው።

ትናንት ማታ እንደገና ደወለ።

«እሺ ጋሼ፣ ሐምሌ እመጣለሁ። ግን እስከዚያ የት አድራለሁ?»

እኔ ጋ ነዋ! ጃንጥላ ይዘህ ና።