ስለ አንድ የተፈታ ዓሣ

ማሊንዲ በኬንያ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ጠረፍ ያለች ጥንታዊት ከተማ ናት። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1498 ንጉሥዋ ቫስኮ ዳ ጋማን በደኅና ተቀብሎ ወደ ሕንድ የሚያደርሰው መንገድ መሪ ስለ ሰጠው፣ ፖርቱጋሎች ያቆሙት ባለ መስቀል የድንጋይ ዓምድ እስከ ዛሬ በባሕሩ ዳር ይታያል፤ ከዚያም አስቀድሞ በ1415 ከዚህችው አገር ለቻይና ንጉሠ ነገሥት አንዲት ቀጭኔ እጅ መንሻ ሆና በመርከብ ደርሳለች። በዘመናችን የሚጐርፈው እንግዳ ግን ይህን ሁሉ በዓይኑ ገረፍ አድርጎ የሚያልፍ ሲሆን፣ የመጣበት ዋናው ጉዳይ ዓሣ ነው፤ አሜሪካዊው ደራሲ ሄሚንግዌይም በ1934 በዚሁ ባሕር ዓሣ አጥምዷልና፣ ዘንግ የጨበጠ ሁሉ ራሱን እንደ ግማሽ ደራሲ ይቈጥራል።

እኔን ወደዚህ ማኅበር ያገባኝ ናይሮቢ ላይ የሚነግድ ያገሬ ልጅ ነው። ወርኃ ታኅሣሥ፣ ጾሙም ጾመ ነቢያት ነበረና ባመነታ፣ «ጋሼ፣ በዚህ ጾም እኮ ዓሣ የሚበሉ አሉ፤ ደግሞስ የነጴጥሮስ ሥራ ምን ነበር?» ብሎ፣ ሊቃውንት ብዙ የተከራከሩበትን ነገር መኪና እየነዳ ባንድ አፍታ ቈረጠው። እኔም ከባሕሩ ፍርሃት ይልቅ የሽሮው መሰልቸት በርትቶብኝ ኖሮ፣ ፍርዱን ያለ ይግባኝ ተቀበልሁ።

የስዋሂሊ ሰው ሰዓት የሚቈጥረው እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ በመሆኑ፣ ናሆዳ የሚሉት የጀልባው አለቃ «ከጠዋቱ 12 ሰዓት» ባለን ጊዜ ያለ አስተርጓሚ ተግባባን። ያላግባባን ሙዝ ነው። ለስንቅ የተሰናዳው የዶሮ ሥጋ በዳቦ ስለ ነበረ፣ እኔ የጾም እንዲሆነኝ አንድ እጅ ሙዝ ይዤ ብሳፈር፣ ናሆዳው እባብ ያየ ያህል ደንግጦ ወደ ኋላ አለ፤ ለካ በዓለም ላይ ያሉ የመዝናኛ ዓሣ አጥማጆች ሙዝ በጀልባ ከገባ ዓሣ ይሸሻል ብለው የሚያምኑ ኖረዋል። ሙዙ ወደብ ላይ ቀረ፣ እኔም ፍጹም ጿሚ ሆኜ ወጣሁ።

ሳባኪ የሚባለው ወንዝ ከናይሮቢ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ፣ የጻቮን ምድረ በዳ አቋርጦ፣ ከማሊንዲ በስተ ሰሜን ወደ ባሕር ሲገባ የገበሬውን ቀይ አፈር ተሸክሞ ነውና፣ ውኃው እስከ ሩቅ ድረስ ይደፈርሳል፤ ዓሣውም የሚፈለገው ድፍርሱ ከሰማያዊው በሚዋሰንበት መሥመር ላይ ነው፤ ትንሹ ዓሣ እዚያ ሲሰበሰብ ትልቁ እርሱን ፍለጋ ይመጣልና። ዓባይ አፈራችንን ሲወስድ እያየሁ ያደግሁ እንደ መሆኔ፣ የደገኛው ኪሣራ ለእንግዳ መዝናኛ ሲሆን ማየቱ ቅር አሰኘኝ፤ ነገር ግን በዚህ ላይ ንግግር ለማድረግ ስሰናዳ፣ ካስካዚ የተባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ተነሣና አንደበቴን ለሌላ አገልግሎት ፈለገው።

በጀልባይቱ ጠርዝ ላይ ተደፍቼ ያሰብሁት ስለ ነቢዩ ዮናስ ነው። ከዓሣ ሆድ በደኅና መውጣቱን መምህራን ሁሉ ያደንቃሉ፤ በዚያ ማዕበል ውስጥ፣ በመርከብ ታችኛው ክፍል ከባድ እንቅልፍ መተኛቱን ግን ከተአምራት ቈጥሮ ያስተማረኝ የለም። ያችንም ቀጭኔ አሰብኋትና፣ ያን የሚያህል አንገት ይዛ እስከ ቻይና መሄድዋ አሳዘነኝ።

በዚህ መካከል «ሱሊሱሊ!» የሚል ጩኸት ተሰማ፤ ለካ የዓሣው ስም ነው። ከጀልባዋ ኋላ ይጐተት የነበረውን ከጐማ የተሠራ የሐሰት ዓሣ አንድ እውነተኛው ነክሶት ነበር። ዓሣውን መንጠቆ ያስያዘው መርከበኛው ሲሆን፣ ጀልባይቱን ወደ ኋላ እየነዳ የሚያቀርበው ናሆዳው ነው፤ የእኔ ድርሻ ወንበር ላይ ታስሬ የክሩን መዘውር ማዞር ብቻ ነበር፤ ክብሩ ግን በዚህ ጨዋታ ሥርዐት ለተቀመጠው ነው። ዓሣው ከውኃው ተወርውሮ ሲወጣ አፉ እንደ ጦር የሾለ፣ በጀርባው ላይ ሰማያዊ ሸራ የዘረጋ ሆኖ ታየኝ። ኦሪት ከዓሣ ክንፍና ቅርፊት ትጠይቃለች፤ ቅርፊቱን ከሩቅ ለማየት ባይቻለኝም፣ ክንፉ ግን ለድኆች ዓሦች ሁሉ ተከፋፍሎ የሚተርፍ ነበር።

ላቤ እየተንጠፈጠፈ ካቀረብሁት በኋላ፣ መርከበኛው ጓንት ባጠለቀ እጁ አፍንጫውን ይዞ፣ ከትከሻው ላይ ቍጥር ያለበት ምልክት ወግቶ፣ መንጠቆውን ነቅሎ፣ ጥቂት በውኃው ውስጥ ሳብ ሳብ አድርጎ ትንፋሹን ከመለሰለት ወዲያ… ለቀቀው!

«ምነው! ሰደደው እኮ!» ብል፣ ወዳጄ ፈገግ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ይህ ዓሣ እዚህ ይፈታል እንጂ አይበላም» አለኝ። ምልክቱ በአቅራቢያው ዋታሙ ላይ ላለው የአፍሪካ ቢልፊሽ ፋውንዴሽን የሚጠቅም ኖሮአል፤ ዓሣው ሌላ ቦታ እንደ ገና ቢያዝ የተጓዘበት ይታወቃል። ሥራው መልካም መሆኑን አልክድም፤ ዓሣ የሚበላበትን ጾም በመኪና ውስጥ ሲያስረዳኝ ግን ይህን አንቀጽ መዝለሉን ታዝቤአለሁ።

ከምልክቱ ጋር በሚሞላው ካርድ ላይ ስሜ ተጻፈ፣ «ክብደት በግምት» ከሚለው ፊት ደግሞ ናሆዳው ሰማይ ሰማይ አይቶ 30 ኪሎ አስሞላ። ሚዛን ያላየው ዓሣ ለማደግ የሚከለክለው የለምና፣ ወደብ ደርሰን ባንዲራ ሲሰቀልልን 40 ሆነ፤ በእራት ላይ አንድ የውጭ አገር ሽማግሌ የራሱን 50 ኪሎ ስላወራ፣ የእኛው ወዲያው 55 ገባ። ማታ ወዳጄ ናይሮቢ ካለችው ባለቤቱ ጋር ሲነጋገር 70 ደርሶ ነበር፤ ጥቂትም ብትጠራጠር፣ «ጋሼን ጠይቂው!» ብሎ ስልኩን አቀበለኝ።

«ትልቅ ነበር፣ ልጄ» አልኋት።

«እሰይ ጋሼ! እንግዲያው ጭንቅላቱን እዚያው ጥላችሁ ሥጋውን ይዛችሁልኝ ኑ፤ ፍሪጁን ከአሁኑ ባዶ አደርገዋለሁ» አለችኝ።